ከአርባ ሁለት ቀጥሎ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሙዚየሙ ኃላፊ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አሮጌውን መዝገብ ሲገልጥ፣ ከቁጥር አርባ ሁለት ቀጥሎ ቁጥር አርባ አራት መጣበት። ተጣብቀው ይሆናል ብሎ ጣቱን በምራቅ ሊያርስ ቃጣና መዝገብ ያዡ ቢያየው ምን እንደሚለው ትዝ ብሎት ተወው። አልተጣበቁም። አርባ ሦስት የለም። ከሥሩ በስለት ተቆርጦ ወጥቷል፤ ያውም ጥንቅቅ ተደርጎ፣ ልብስ ሰፊ ውድ ጨርቅ እንደሚቆርጥ።

ኃላፊው ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። ሰኞ ዐውደ ርእዩ ይከፈታል። መዝገቡ የድሮው የሕፃናት ማሳደጊያ የቅበላ መዝገብ ነው። ከተዘጋው ሕንፃ ጣሪያ ሥር ከተገኘ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ለአንድ ልጅ አንድ ሉክ ተይዞለታል። ዘሩን የሚፈልግ የከተማው ሰው ሁሉ ተመዝግቦ፣ የየልጁ ሉክ ቤተሰቡ ባለበት ጮክ ተብሎ ሊነበብ ቀን ተቆርጧል። ስልኩን አንስቶ ፖሊስ ጣቢያ ደወለ።

መርማሪዋ ከሳጅኑ ጋር በእግሯ መጣች። ጣቢያ ያሉት ባልደረቦቿ በሌለችበት «ደረቋ» ይሏታል፤ ታውቃለች፣ ግድም የላት። ሳጅኑ ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር የቀረው፣ ሆዱ ቀበቶውን የሸፈነ ቀልደኛ ነው።

«ለአንድ ወረቀት ሁለት ፖሊስ» አለ ደረጃውን እያቃሰተ ሲወጣ። «መጽሐፉ በሙሉ ቢጠፋ ጦር ሠራዊት ሊጠሩ ነው።»

«ትንፋሽህን ለደረጃው ቆጥበው።»

መዝገብ ቤቱ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። የብረት መደርደሪያዎቹ ጣሪያ ሊነኩ ምንም አልቀራቸው፤ ካርቶኖቹ ሁሉ ቁጥር ተለጥፎባቸዋል። መስኮቱ ፍርግርግ አለው። በሩ አንድ፣ ቁልፉም አንድ። ቁልፉ የሚውለውም የሚያድረውም መዝገብ ያዡ ኪስ ውስጥ ነው። መዝገብ ያዡ ከስድሳ ያለፈ፣ ግራጫ ካፖርት የማይለየው ቀጭን ሰው ነው። መርማሪዋ ስትገባ ሁለት እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቶ ቆሞ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህን ሉክ ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«ትናንት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልዘጋ ስል።»

«በዓይንዎ አይተውታል?»

«በምን ላየው ኖሯል?»

ሳጅኑ ሳቁን በሳል ሸፈነው። መርማሪዋ አልሳቀችም። «ትናንት ማን መጣ?»

መዝገብ ያዡ የእንግዶቹን ደብተር በክርኑ ገፋላት። ዓርብ ዕለት የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባለ ወፍጮው። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥር።

«ብቻውን ትተውት ነበር?»

«ሌላ ካርቶን ላወርድለት ጓዳ ገብቼ ነበር። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።»

«አምስት ደቂቃ ይበቃል።»

«ከሄደ በኋላ ነው አየሁት ያልኩሽ። ሉኩ ነበር። ሰውየውን አታስቸግሪው።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየችው። በሌላ ሰው ሊያላክክ መንገዱ ወለል ብሎለት ሳለ፣ መንገዱን በገዛ እጁ የሚዘጋ ተጠርጣሪ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ አልገጠማትም።

«ባለ ወፍጮው ነፃ ከሆነ፣ ቁልፍ የያዘው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እንደዚያ ከሆነ እንደዚያ ነው።»

«ሉኩ ላይ ምን ተጽፏል?»

«አላነበብኩትም» አለ፣ ጥያቄዋን ሳትጨርስ።

ኃላፊው ከኋላ ሆኖ በዝግታ ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው በዚህ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሲሠራ ሳያነብ ያለፈው ወረቀት እንደሌለ ሁሉም ያውቃል።

* * *

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሰው የሚሰማማው በጩኸት ነው። ባለ ወፍጮው ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ዱቄት ለብሶ፣ አርጅቶ የተነሣ ሰው መስሏል።

«ሙዚየም? እኔ እዚያ ምን ልሠራ?» አለ እየጮኸ።

«ስምዎ ተጽፏል። ፊርማዎም አለ» አለች እሷም እየጮኸች።

ክንዷን ይዞ ወደ ጓሮ አወጣት፤ ሳጅኑም ተከተለ። ማሽኑ ግድግዳው ማዶ እያጓራ ሳለ እሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጄን ልድር ነው። የሙሽራው ወገኖች ደግሞ ዘር ቆጣሪዎች ናቸው፤ ሰባት ቤት ካልቆጠሩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። አባቴ ከዚያ ቤት ነው የወጣው። ቁጥር አርባ ስድስት። መዝገብ ያዡን ደብቅልኝ ብዬ ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ።»

«እና ሊቆርጡት ሄዱ።»

«ምላጭ ኪሴ ነበር። አልዋሽም።» ዱቄታም እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ስገልጥ ስገልጥ ከአርባ ሁለት ወደ አርባ አራት ዘለለብኝ። የኔ ብጤ አንዱ ቀድሞኛል አልኩ። አርባ ስድስት ስደርስ አባቴ አለ። 'ወንድ፣ አምስት ዓመት፣ አሥር ኪሎ' ይላል። የአምስት ዓመት ልጅ አሥር ኪሎ። እኔ ይኸው ጠዋት ማታ እህል ውስጥ ነው የምዋኘው። እንዴት ብዬ ልቁረጠው? መዝገቡን ዘግቼ ወጣሁ። ምላጩን መንገድ ላይ ጣልኩት።»

«አርባ ሦስት የለም ሲሉ፣ ስንት ሰዓት ነበር?»

«ዘጠኝ ተኩል ቢሆን።»

ሲመለሱ ሳጅኑ በጣቱ እየቆጠረ መጣ። «ይኼኛው ዘጠኝ ተኩል ላይ የለም ይላል። ያኛው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር ይላል። አንዱ ዋሽቷል።»

«ባለ ወፍጮው የሚዋሽበት ነገር ነበረው፤ ያንን ውሸት እፊታችን ጨረሰው። ስለ ምላጩ የነገረን ማንም ሳይጠይቀው ነው።»

«እንግዲያ ሽማግሌው። ግን ለምን?»

«ለምን የሚለውን የሚያውቀው አርባ ሦስትን የሚጠብቅ ሰው ነው።»

ኃላፊው የሰጣቸው ዝርዝር ላይ፣ አርባ ሁለትና አርባ አራት በገቡበት ወር ስለገቡ ልጆች ከጠየቁት ውስጥ ልጃቸው ያልተለየላቸው አንድ እናት ብቻ ናቸው። የሙዚየሙን አሮጌ መጻሕፍት የምትጠግነው የጠራዧ እናት። ማመልከቻውን ያስጻፉት በጎረቤት ነው።

«በጎረቤት?» አለች መርማሪዋ። «ልጃቸው ለሙዚየሙ እየሠራች?»

ሳጅኑ አድራሻውን ከዝርዝሩ ላይ ገለበጠ።

* * *

የጠራዧ ቤት ሁለት ክፍል ነው። ፊት ያለው መሥሪያዋ ነው፤ የእንጨት መጫኛ፣ በሰም የታሸ ክር፣ መርፌ፣ ከዱቄት የምታበስለው ሙጫ በጣሳ። ስድሳ ዓመቷ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ደብተር ጀርባ እየሰፋች ነበር፤ ሰዎቹን ስታይ መርፌዋን ጨርቅ ላይ ሰካችና እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ያ መዝገብ አንቺም ጋ መጥቶ ነበር፣ እትዬ?»

«ሽፋኑ ተገንጥሎ ነበር፤ እሱን ላድስ። አራት ቀን እኔ ጋ ቆየ። ከመለስኩት ሁለት ሳምንት አለፈው።»

«ስትመልሺ አርባ ሦስት ነበር?»

«መዝገብ ያዡ ገልጦ አይቶ ፈርሞ ተረክቦኛል። ፊርማው አለ።»

መርማሪዋ መልሱ የጥያቄዋ መልስ እንዳልሆነ ልብ አለች። ሌላ ልትጠይቅ ስትል ከውስጥ ክፍል ድምፅ መጣ።

«ማነው? ከሙዚየሙ ናቸው?»

እናትየዋ መስኮት ሥር አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ጆሯቸው ግን መርፌ ሲወድቅ ይሰማል። የመርማሪዋን እጅ ይዘው አልለቅ አሉ።

«የልጄ ሉክ ነው የጠፋው አይደል? ጎረቤት ነገረችኝ። እኔን ደብቀውኝ።»

«የእርስዎ ልጅ መሆኑ ገና አልታወቀም፣ እማማ። እስቲ ይንገሩኝ።»

«በወረርሽኙ ዓመት ባሌን ቀበርኩ። ሳምንት ሳይሞላ እኔም በትኩሳት ወደቅሁ። የሚበላ የለ፣ የሚያይ ጎረቤት የለ፤ ሁሉም በሩን ዘግቷል። ይቺ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ታናሿ ሁለት። 'ወንድምሽን ይዘሽው ሂጂ፣ በሩን ለከፈተችልሽ ሴት እጇ ላይ አስቀምጪው' አልኳት። አደረገችው። ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ወጥታ አቀፈችው። ሳመችው። አይደለም እንዴ?» ብለው ወደ በሩ ጮኹ።

ጠራዧ ከመሥሪያው ክፍል መለሰች። «አዎ፣ እማዬ።»

«ሳመችው ወይስ አልሳመችውም?»

«ሳመችው።»

«በየጊዜው እጠይቃታለሁ» አሉ እናትየዋ። «ሁሌም አንድ ናት፤ ቃሏ አይዛነፍም። ከተሻለኝ በኋላ ልወስደው ሄድኩ። ቤቱ ተዘግቷል፣ ልጆቹን በመኪና ጭነው ወስደዋል አሉኝ። ወዴት? የሚነግረኝ አጣሁ። አሁን ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ተመልጦ ይሆናል፤ አባቱ በሠላሳ ዓመቱ ነው የተመለጠው።» ፈገግ አሉ። «ማን እንደወሰደው ብቻ ልወቅ። አልጠራውም፣ አላስቸግረውም። እዚህ ቤት ነው ያደገው ከተባልኩ ይበቃኛል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀኝን ልጠብቅ።»

«ያን ቀን ምን ለብሶ ነበር?»

«አረንጓዴ ሹራብ። ከራሴ ሻል ክሩን ተርትሬ የሠራሁለት።»

ሲወጡ ጠራዧ መርፌዋን አላነሳችም ነበር።

* * *

እሑድ መርማሪዋ ሙዚየሙን አስከፈተች። መዝገብ ያዡ በሩን ከፍቶ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆመ።

«ከማሳደጊያው የመጣ ሌላ መዝገብ የለም?»

«አለ። አይጠቅምሽም።»

«የሚጠቅመኝን እኔ ልየው።»

ሦስት ካርቶን ነበር። የወጥ ቤት፣ የወተት፣ የልብስ። መርማሪዋ የዘር ሐረግ ፍለጋ የሚሉትን ነገር ሠርታ አታውቅም፤ ግን ነገሩ ከእሷ ሥራ ብዙ አልራቀም። ስም ያልወጣለት ልጅ እንኳን ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ከመዝገብ መዝገብ ይከተለዋል። አንዱን ቀዳዳ ቢደፍኑት በሌላው ይታያል። ጣቷን በየመስመሩ እያወረደች አርባ ሦስትን ፈለገች።

የወተት መዝገቡ ላይ አገኘችው። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ኩባያ። በሁለተኛው ቀን ግማሽ ኩባያ፣ «አልጠጣም»። በሦስተኛው ቀን መስመሩ በቀይ ቀለም ተሰርዟል። ከዚያ በኋላ አርባ ሦስት ለሚባል ልጅ ወተት የቀዳ የለም።

የልብስ መዝገቡ አንድ መስመር ብቻ ሰጣት። «43፦ አረንጓዴ ሹራብ፣ የእጅ ሥራ፣ በዝናብ የራሰ።»

መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን በመዳፏ ጨፈነች።

«የራሰ» አለች ቆይታ። «ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት በር ከፍታ ብትቀበለው ኖሮ ለምን ይርሳል?»

ሁለቱን መስመሮች ለሳጅኑ ልትጽፍለት ብላ ከማስታወሻ ደብተሯ አንድ ሉክ ገነጠለች። ከደብተሩ ማዶ ሌላ ሉክ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሳጅኑ ጎንበስ ሊል ሲጀምር እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

አንድ ወረቀት ተጣጥፎ ሁለት ሉክ ይሆናል፤ መሃሉን ክር ይይዘዋል። አንዱን ከሥሩ ከቆረጡት ጥንዱ የሚይዘው የለም።

የቅበላውን መዝገብ ከፈተች። ክሩ የሚታየው አርባ አራትና አርባ አምስት መካከል ነው፤ ከዚያ ወዲህና ወዲያ ቆጠረች። የአርባ ሦስት ጥንድ አርባ ስድስት ነው። ቀስ ብላ ጎተተችው። ንቅንቅ አይልም። ጎንበስ ብላ በመስኮቱ ብርሃን አየችው፤ ውስጠኛው ጠርዙ ላይ ከላይ እስከ ታች ስስ ወረቀት ተለጥፎበታል። ጣት የማይሞላ፣ ዓይን ካልፈለገው የማያየው።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

መዝገብ ያዡ ዞሮ ሳያይ መለሰ። «የድሮ ጥገና ነው። ማሳደጊያው ራሱ ያደረገው።»

«ማኅተማችሁን መቼ ነው ያተማችሁበት?»

በየሉኩ ታች ጥግ የሙዚየሙ ማኅተም አለ፤ መዝገቡ ሲገባ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት የታተመ። የአርባ ስድስት ማኅተም ግማሹ ስሱ ወረቀት ሥር ነው። ወረቀቱ ማኅተሙን ሸፍኖታል፣ ማኅተሙ ወረቀቱን አልነካውም።

«ሰርቆ ሲያበቃ የቆሰለውን የጠገነ ሌባ ነው» አለች።

መዝገብ ያዡ ጠረጴዛው ጋ መጥቶ ተቀመጠ። «እኔ ነኝ። እኔ ቆረጥኩት፣ እኔ ለጠፍኩት። ሉኩን አቃጥዬዋለሁ። ጻፊና ልፈርም።»

«ይጻፉት እርስዎ» ብላ እስክሪብቶና ወረቀት ሰጠችው።

እጆቹን ከኪሱ ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣቸው። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲነካ ይርዳል፣ ይዘላል፤ ሁለት ቃል ለመጻፍ ሁለቱንም እጆቹን ተጠቀመ። መርማሪዋ መዝገቡ ላይ ያለውን ቀጥ ያለ ቁርጥ አየች፣ እጆቹን አየች።

«አቃጠልኩት ነው ያልኩሽ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ፈርሜያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

የሰጠው ቃል በጽሑፍ ነው። ይዛው መሄድ ግዴታዋ ነበር። ሳጅኑ ካቴናውን እንኳ ሳያወጣ፣ ክንዱን ይዞ እንደ ታላቅ ወንድሙ ደረጃውን አወረደው።

* * *

ጠራዧ በሩን የከፈተችው ሳይንኳኳ ነው፤ «እናቴ ተኝታለች» አለች በሹክሹክታ።

«መዝገብ ያዡ ጣቢያ ነው» አለቻት መርማሪዋ። «እኔ ነኝ ብሎ ፈርሟል። ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«እሱ ምን አደረገ?»

«ምንም። እኔም አንቺም እናውቃለን።»

ጠራዧ መጫኛው ጋ ሄደች። ብሎኑን በሁለት እጇ አላላች፤ ከሁለት ሳንቃ መሃል፣ በንጹሕ ወረቀት የተሸፈነውን ሉክ አወጣች። ተጨማዶ የነበረ ቦታው ሁሉ ተስተካክሏል። አንድ ጥግ ተቀዶ ኖሮ እሱም ተጠግኗል።

«ማቃጠል አልሆነልኝም» አለች። «ወረቀት አቃጥዬ አላውቅም።»

መርማሪዋ ቆማ አነበበችው። «ወንድ። ሁለት ዓመት የሚገመት። ስሙ ያልታወቀ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከበሩ ውጭ ርሶና በርዶት ተገኘ። ያመጣው ሰው አልታየም። ሌሊቱን ውጭ ያደረ ይመስላል። በሦስተኛው ቀን በሳንባ ምች ሞተ።»

«ሴትዮዋን እኔ ነኝ የፈጠርኳት» አለች ጠራዧ። «ስመለስ እናቴ 'ሳመችው?' አለችኝ፣ ሳመችው አልኳት። ከዚያ በኋላ በጠየቀችኝ ቁጥር ያው ሴትዮ ትመጣለች። አሁን እኔም መልኳን አውቀዋለሁ። መዝገቡ ሲመጣልኝ ቁጥሩን አላወቅሁም፤ ሽፋኑን ላድስ ገልጬ ስቆጥር፣ አየሁት። አራት ቀን አስቤበት አራተኛው ቀን ቆረጥኩት። እናቴ ሰኞ ፊት ለፊት ወንበር ተይዞላታል። በሰው ሁሉ ፊት ሊያነቡላት ነበር።»

«መዝገብ ያዡ በምን አወቀ?»

«ሊረከበኝ ሲገልጥ ስሱን ወረቀት አየ። ሥራዬን ያውቀዋል። አየኝ፣ ፈረመና ዘጋው።»

«ለምን ለጠፍሽው? ባትለጥፊው እኔም እዚህ ባልደረስኩ።»

ጠራዧ ሉኩ ወደነበረበት ባዶ ሳንቃ አየች። «ጥንዱ ሊወልቅ ሆነ። ጥንዱም እኮ የሰው ልጅ ነው። አንድ ልጅ ጥዬ አውቃለሁ። ሁለተኛው ከእጄ ሲወድቅ ቆሜ ላየው አልቻልኩም።»

መርማሪዋ ስልኳን አውጥታ ሳጅኑን አዘዘችው፤ ሽማግሌውን ከክፍሉ አውጣው፣ ቢሮዬ ወንበር ስጠው። ከዚያ ለጠራዧ፣ «ልብስሽን ደርቢ» አለቻት።

«እሺ። ቀድሜ ግን ልንገራት። ከጎረቤት እንዳትሰማ።»

ደንቡ አይፈቅድም። መርማሪዋ ከበሩ ገለል ብላ አሳለፈቻት።

* * *

ጠራዧ እናቷን ቀስቅሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው። ሴትዮ አልነበረችም። በር የከፈተ የለም። ሦስት ቀን ኖረ። መርማሪዋ ደጃፉ ላይ ቆማ የእናትየዋን እጆች ብቻ ታይ ነበር፤ ብርድ ልብሱን እያጠፉ፣ እየዘረጉ፣ እንደገና እያጠፉ።

«ዝናብ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«ነበር።»

«አላንኳኳሽም?»

«ማንኳኪያው ከፍ ያለ ነበር፤ አልደረስኩበትም። በእጄ መታሁት፣ በሩ ወፍራም ነው፣ አልተሰማም። ከዚያ መሸ። ውሻ ጮኸና ሮጥኩ። ጥግ ላይ ስደርስ ዞሬ አየሁት። ተቀምጦ ነበር። ጫማውን ይፈታ ነበር።»

እናትየዋ እጃቸውን ዘርግተው በዳሰሳ የልጃቸውን ፊት አገኙ። መርማሪዋ ይመቷታል ብላ አንድ እርምጃ ገባች። አልመቷትም። መዳፋቸውን ጉንጯ ላይ እንዳስቀመጡ ቀሩ።

«አልታመምኩም ነበር» አሉ።

«እማዬ?»

«ያን ቀን ትኩሳቱ ለቆኝ ነበር። ጠዋት ተነሥቼ ውኃ ቀድቻለሁ፤ አንቺ ተኝተሽ ነበር። መሄድ እችል ነበር። እኔ ብሄድ ይዤው እንደምመለስ አወቅሁት፤ ይዤው ብመለስ ደግሞ ሁለታችሁም ትሞቱብኛላችሁ። ስለዚህ ተመልሼ ተኛሁና አንቺን ላክሁሽ።» ድምፃቸው አልተሰበረም፤ ደርቆ ነበር። «ሳመችው ወይ እያልኩ የምጠይቅሽ እኔ ስላልሳምኩት ነው። ስትወጡ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር።»

ጠራዧ ራሷን እናቷ ጭን ላይ ደፋች። ስድሳ ዓመቷ ነው፤ እንደዚያ ስትሆን ግን ትንሽ ነበረች። እናትየዋ ፀጉሯን እየዳበሱ ብዙ ቆዩ።

«ልጄ፣ አለሽ?» አሉ ኋላ ወደ ደጃፉ።

«አለሁ፣ እማማ።»

«ወረቀቱ ላይ ስሙን ምን ብለውታል?»

መርማሪዋ መለሰች። «ስሙ ያልታወቀ ነው የሚለው።»

«ገና አፉን አልፈታም ነበር። ቢጠይቁትም አይነግራቸው።» ቀና ብለው ተቀመጡ። «ይታወቃል በያቸው። ጻፊ።»

መርማሪዋ ያን የተገነጠለ ደብተሯን አወጣች። እናትየዋ ስሙን ከአባቱ ስም ጋር ተናገሩ። ጻፈችው።

«አንብቢልኝ።»

አነበበች።

«የአያቱን ጨምሪ።» እሱንም ተናገሩ፣ እሱንም ጻፈች። «አሁን ከመጀመሪያው።»

መርማሪዋ ከመጀመሪያው፣ ቀስ ብላ፣ ሰኞ ሊነበብ እንደነበረው ጮክ ብላ አነበበችው። ጠራዧ ከእናቷ ጭን ቀና ሳትል፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ ከንፈሯ ብቻ አብሯት ስሙን ይለው ነበር።